ኤ.ኬ. ሃንጋል (1914 – 2012)፤ በ52 ዓመታቸው ፊልም የጀመሩት የሕንድ ሲኒማ ሽማግሌ

የሕንድ ፊልም በሲኒማ ቤትም ሆነ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየ ያገራችን ሰው አሚታብ ባቻንን አይስተውም፡፡ የዳርሜንድራን ስም ባይዝ እንኳ መልኩን ያውቀዋል፡፡ ከእነዚህ ጀግኖች ጎን ግን አንድ ሽማግሌ አይጠፋም፡፡ ቀጭን ነው፣ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፡፡ አንዳንዴ የልጅቷ አባት፣ አንዳንዴ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንዳንዴም የመንደሩ ኢማም ሆኖ ብቅ ይላል፡፡ አይደባደብም፣ አይጨፍርም፡፡ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ይወጣል፡፡ ተመልካቹ ጉሮሮው የሚተናነቀው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ በሚናገርበት ሰዓት ነው፡፡

የዚያ ሽማግሌ ስም አቭታር ኪሻን ሃንጋል ይባላል፡፡ በሕንድ የሚታወቁት ባጭሩ ኤ.ኬ. ሃንጋል በሚለው ነው፡፡ ወደ 225 በሚጠጉ ፊልሞች ተጫውተዋል፡፡ በአብዛኞቹ ውስጥ ረዳት ተዋናይ እንጂ መሪ ተዋናይ አልነበሩም፡፡ የሕይወታቸው ታሪክ ግን ከተጫወቱባቸው ፊልሞች ከብዙዎቹ ይበልጣል፡፡ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፡፡

ከሲያልኮት እስከ ካራቺ እስር ቤት

ሃንጋል የተወለዱት በ1914 በፑንጃብ ግዛት በሲያልኮት ከተማ ነው፡፡ ቤተሰባቸው ከካሽሚር ፓንዲቶች ማለትም ከካሽሚር ብራህማን ሂንዱዎች ወገን ነው፡፡ ያደጉት በፔሻዋር ነው፡፡ በ1936 እዚያው ፔሻዋር ውስጥ ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር ተቀላቅለው መድረክ ላይ መውጣት ጀመሩ፡፡ በኋላም ቤተሰቡ ወደ ካራቺ ተዛወረ፡፡

ሲያልኮት፣ ፔሻዋርና ካራቺ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችው የአንዲት ሕንድ ከተሞች ነበሩ፡፡ በነሐሴ 1947 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ሦስቱም ፓኪስታን ውስጥ ቀሩ፡፡ ይህን አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

እንጀራቸው ልብስ ስፌት ነበር፡፡ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መቀስ ይዘው፣ የሰው ትከሻና ወገብ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፡፡ በትርፍ ሰዓታቸው ቲያትር ይሠራሉ፡፡ ከዚህም ሌላ ለነፃነት በሚደረገው ትግል ውስጥ ገቡ፤ የኮሚኒስት ፓርቲም አባል ሆኑ፡፡ ሠራተኞችን ማደራጀት በአገዛዞች ዘንድ ምን እንደሚያስከትል ለኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያሻም፡፡ ሃንጋል ካራቺ ውስጥ ታሰሩ፡፡ አገሪቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላም እስር ቤት ቆይተው በ1949 ወጡ፡፡

ሲወጡ የተወለዱበት ምድር የሌላ አገር ሆኖ ጠበቃቸው፡፡ እሳቸውም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በተሰደዱበት መንገድ ተሰደው ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ገቡ፡፡ ዕድሜያቸው 35 ደርሷል፡፡ ቤት የለም፣ ርስት የለም፡፡ የቀራቸው መርፌና መቀስ የሚያውቅ እጅ ብቻ ነበር፡፡

የመድረኩ ዘመን

ቦምቤይ ውስጥ ቀን ልብስ እየሰፉ ማታ ማታ መድረክ ላይ ይወጡ ጀመር፡፡ የተቀላቀሉት በ1943 የተመሠረተውንና በምሕፃሩ ኢፕታ ተብሎ የሚጠራውን የሕንድ ሕዝብ ቲያትር ማኅበር ነው፡፡ ይህ ማኅበር ቲያትር ለሀብታም መዝናኛ ብቻ መሆን የለበትም፣ የሠራተኛውንና የገበሬውን ኑሮ ማሳየት አለበት ብለው የተነሡ የግራ ዘመም አርቲስቶች ስብስብ ነበር፡፡ ታላቁ ተዋናይ ባልራጅ ሳህኒና ባለቅኔው ካይፊ አዝሚ እዚያ ነበሩ፡፡ ሃንጋል ከዚህ ማኅበር ጋር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያዩም፤ በኋለኛው ዘመናቸውም በፕሬዚዳንትነት መርተውታል፡፡

ይህን ያህል ስለ መድረኩ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ሃንጋል ፊልም ላይ ሲናገሩ የማይጮኹት፣ እጃቸውንም የማያወናጭፉት፣ በሕንድ ፊልም የተለመደው ማጋነን የማይታይባቸው ከዚያ ትምህርት ቤት ስለወጡ ነው፡፡ የድሃ አባት ሆነው ሲሠሩ ድህነትን ከጽሑፍ አላነበቡትም፡፡ ኖረውበታል፡፡

በ52 ዓመት ጀማሪ

ሌላው ተዋናይ ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ ሃንጋል ወደ ፊልም ገቡ፡፡ ዓመቱ 1966፣ ዕድሜያቸው 52 ነበር፡፡ ፊልሙ በዳይሬክተር ባሱ ባታቻርያ የተሠራው፣ ራጅ ካፑርና ዋሂዳ ረህማን የተጫወቱበት «ቲስሪ ካሳም» ማለትም «ሦስተኛው መሐላ» ነው፡፡ በ52 ዓመት የጀመረ ሰው የጀግና ቦታ አያገኝም፡፡ ሃንጋልም አላገኙም፤ ፊልም ላይ ወጣት ሆነው ታይተው አያውቁም፡፡ በመጀመሪያው ቀን አባት፣ አጎትና ሽማግሌ ሆነው ገቡ፤ እንደዚያው ሆነው 45 ዓመት ቆዩ፡፡

በ1970ዎቹ ዳይሬክተሮች እየተሻሙ ያሠሯቸው ነበር፡፡ ሪሺኬሽ ሙከርጂ «ጉዲ» (1971)፣ «ባዋርቺ» (1972) እና «አቢማን» (1973) በተባሉት ፊልሞች አሠርቷቸዋል፡፡ «ባዋርቺ» ማለት ወጥ ሠሪ ማለት ነው፡፡ ታሪኩ እርስ በርስ የማይስማማ አንድ ትልቅ ቤተሰብ በአንድ ወጥ ሠሪ ጥበብ እንዴት እንደታረቀ የሚያሳይ ሲሆን፣ ወጥ ሠሪው በዚያን ጊዜ ተወዳዳሪ ያልነበረው ኮከብ ራጄሽ ካና ነው፡፡ ሃንጋል ደግሞ ከቤቱ ልጆች አንዱ፣ በቢሮ ሥራ የተሰላቸ ጎልማሳ ሆነው ይታያሉ፡፡

በ1973 የወጣው «ናማክ ሃራም» ለሃንጋል ሕይወት ይበልጥ ይቀርባል፡፡ ርዕሱ ቃል በቃል ጨው የካደ እንደማለት ነው፤ እኛ የበላበትን ወጪት ሰባሪ የምንለው መሆኑ ነው፡፡ በፊልሙ የፋብሪካ ባለቤት ልጅ የሆነው አሚታብ ባቻን የሠራተኛ ማኅበሩን መሪ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይገደዳል፡፡ ውርደቱን ለመበቀል ጓደኛው ራጄሽ ካና ተራ ሠራተኛ መስሎ ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ የማኅበሩን መሪ ከሥልጣን ያወርዳል፡፡ በኋላ ግን የሠራተኛውን ኑሮ ሲያይ ልቡ ይቀየራል፡፡ ያ የማኅበር መሪ ሃንጋል ናቸው፡፡ በሠራተኛ ወገንነታቸው እስር ቤት ያዩ ሰው ያንን ቦታ ሲጫወቱ ብዙ ልምምድ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም፡፡

ሁልጊዜ አልቃሽ ሽማግሌ እንዳይመስሉ ደግሞ በ1982 በባሱ ቻተርጂ «ሾኪን» ፊልም ከአሾክ ኩማርና ከኡትፓል ዳት ጋር ሆነው ሴት እያዩ የሚቅበጠበጡ ሦስት ሽማግሌዎችን ተጫውተው አገሩን በሳቅ አፍርሰዋል፡፡

ሁለት ትዕይንቶች፣ አንድ ዓመት

የሃንጋልን ችሎታ ለማየት 1975 ብቻውን ይበቃል፡፡ በዚያ ዓመት ሳሊምና ጃቬድ የተባሉት ሁለት ጸሐፊዎች የጻፏቸው ሁለት ታላላቅ ፊልሞች ወጡ፤ «ዲዋር» እና «ሾሌይ»፡፡

«ዲዋር» (ግድግዳ) ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው፡፡ አንዱ አሚታብ ባቻን ኮንትሮባንዲስት፣ ሁለተኛው ሻሺ ካፑር ፖሊስ ነው፡፡ ፖሊሱ ወንድሙን አድኖ እንዲይዝ ሲታዘዝ ያመነታል፡፡ በዚህ መሐል አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰርቆ የሚሮጥ ልጅ ተኩሶ እግሩን ይመታል፡፡ ቀርቦ ሲያይ ልጁ የሰረቀው ዳቦ ነው፡፡ ፖሊሱ በጸጸት ምግብ ገዝቶ የልጁን ቤት ፍለጋ ይሄዳል፡፡ እናቲቱ ማን እንደሆነ ስታውቅ ትቆጣለች፤ ትልልቆቹን ሌቦች ትታችሁ በረሃብተኛ ልጅ ላይ ትተኩሳላችሁ ትለዋለች፡፡ አባትየው ግን ሚስቱን ይገሥጻል፡፡ ስርቆት የአንድ ሳንቲም ሆነ የመቶ ሺሕ ብር ስርቆት ነው ይላል፡፡ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፡፡ ፖሊሱ ከዚያ ቤት ሲወጣ ውሳኔው ተቆርጧል፤ የወንድሙን ጉዳይ ይይዛል፡፡

አባትየው ሃንጋል ናቸው፡፡ ፊልሙ ላይ የሚታዩት ለደቂቃዎች ነው፡፡ የፊልሙ ማጠንጠኛ ግን ያች ትዕይንት ናት፤ እሷ ከወጣች ፖሊሱ ለምን በወንድሙ ላይ እንደተነሣ አይገባንም፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት ሕግ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራል የሚለውን ሐረግ ስንሰማ ኖረናል፡፡ የተመታው የገዛ ልጁ ሆኖ ሳለ ያንን ሐረግ የሚናገር አባት ማሳመን የሚችለው ተዋናዩ ሲታመን ብቻ ነው፡፡ እኔ በበኩሌ የእናቲቱም ክርክር ትክክል ነው እላለሁ፡፡ የትዕይንቱ ጥንካሬም ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው፡፡

«ሾሌይ» የወጣው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው፡፡ ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ ነው፡፡ ሃንጋል በጋባር ሲንግ ሽፍቶች የሚታመሰው የራምጋር መንደር ዓይነ ስውር ኢማም ናቸው፡፡ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ከመንደር ሲወጣ ሽፍታው ይገድለውና ሬሳውን በፈረስ ጭኖ ወደ መንደሩ ይልካል፡፡ ሕዝቡ ተሰብስቦ ጸጥ ይላል፡፡ ዓይነ ስውሩ አባት በዱላቸው እየተመሩ ይመጣሉ፤ ዝምታው ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፡፡ የሚመልስላቸው የለም፡፡ ከዚያ በእጃቸው ዳሰው ልጃቸውን ያገኙታል፡፡

ያች ስለ ዝምታው የጠየቁባት አንዲት አጭር ጥያቄ በሕንድ ተረትና ምሳሌ እስከመሆን ደርሳለች፡፡ እስከ ዛሬ ሰው ተሰብስቦ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ትጠቀሳለች፡፡ ከእሷ በኋላ የሚመጣው ግን ይበልጣል፡፡ የደነገጠው የመንደር ሕዝብ ሁለቱን ጀግኖች ለሽፍታው አሳልፈን እንስጥ ማለት ሲጀምር የሚከለክሉት ልጅ የሞተባቸው ኢማም ናቸው፡፡ አባት የልጁን ሬሳ ከመሸከም የከበደ ሸክም እንደሌለ ነግረው፣ እሳቸው ያንን ከተሸከሙ መንደሩም መከራውን መሸከም እንደማያቅተው ይናገራሉ፡፡ የጸሎት ጥሪ ሲሰማም ወደ መስጊዳቸው ያመራሉ፡፡

ከብራህማን ሂንዱ ቤተሰብ የተወለደ፣ በፖለቲካ እምነቱ ኮሚኒስት የሆነ፣ ከፓኪስታን ተሰድዶ የመጣ ሰው የሙስሊም ኢማም ሆኖ የመላውን ሕንድ ሕዝብ አስለቀሰ፡፡ ተመልካቹም ይህ ሰው ሃይማኖቱ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም፡፡ ጥያቄው የመጣው ከ18 ዓመት በኋላ ነው፡፡

ያለ ችሎት የተሰጠ ፍርድ

በታኅሣሥ 1992 በአዮድያ የሚገኘው የባብሪ መስጊድ ፈረሰ፡፡ ይህንንም ተከትሎ በቦምቤይ በሂንዱና በሙስሊም መካከል ከባድ ደም መፋሰስ ሆነ፡፡ በመጋቢት 1993 ደግሞ ከተማይቱ በተከታታይ ፍንዳታ ተናወጠች፡፡ ሃንጋል በዚህ ዓመት የተወለዱባትን ሲያልኮትን ለማየት ፈልገው ቪዛ ጠይቀው ነበር፡፡ በዚሁ አጋጣሚ በከተማው የሚገኘው የፓኪስታን ቆንስላ ባዘጋጀው የፓኪስታን ቀን በዓል ላይ ተጋበዙ፤ ሄዱም፡፡

ጥፋታቸው ይህ ነው፡፡ የሺቭ ሴና ፓርቲ መሪ ባል ታክሬይ ሃንጋልን ከሃዲ አሏቸው፡፡ ፊልሞቻቸው እንዲታገዱ ጥሪ ተላለፈ፤ ምስላቸው እንዲቃጠል ተቀሰቀሰ፡፡ ፊልም ሠሪዎች ፈሩ፡፡ ከተቀረጹ ፊልሞች ውስጥ የሃንጋል ትዕይንት ተቆርጦ ወጣ፡፡ ሁለት ዓመት ያህል የሚያሠራቸው ጠፋ፡፡

ነገሩን በሕግ ዓይን እንየው፡፡ ሕንድና ፓኪስታን ያን ጊዜ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ነበራቸው፡፡ ቆንስላው በሕንድ መንግሥት ፈቃድ የተከፈተ ነው፡፡ በቆንስላ ግብዣ ላይ መገኘትን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፡፡ የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የመናገር፣ በሰላም የመሰብሰብና የመረጡትን ሥራ የመሥራት መብት ይሰጣል፡፡ ታዲያ ሃንጋል ለምን አልከሰሱም? ማንን ይከሰሱ! መንግሥት አላገዳቸውም፡፡ የእግድ ደብዳቤ የለም፣ የፈረመበት ባለሥልጣን የለም፡፡ አንድ ፓርቲ ተናገረ፣ አንድ ገበያ ፈራ፤ በቃ፡፡ የመንግሥት እገዳ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ ይባልበታል፡፡ የፍርሃት እገዳ ግን ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለውም፡፡ ክስ ሳይመሠረት፣ መከላከያ ሳይሰማ፣ ቅጣቱ ብቻ ይፈጸማል፡፡

የሚገርመው፣ ሃንጋል በካራቺ ታስረው ከዚያ ምድር የወጡ ሰው ናቸው፡፡ አንዱ አገር አስሮ አባረራቸው፤ ሌላው አገር የዚያኛው ወዳጅ ነህ ብሎ ከሥራ አስወጣቸው፡፡ የእሳቸው ናፍቆት ግን የፖለቲካ አልነበረም፡፡ ሰው ቢያረጅ የተወለደበትን ደጅ ማየት ያምረዋል፡፡ በየአህጉሩ የተበተነው ያገራችን ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፡፡

ሃንጋል ይቅርታ ጠይቀው ሳይሆን ጊዜ አልፎ ተመለሱ፡፡ በ2001 በወጣውና በኋላም ለኦስካር በታጨው «ላጋን» (ግብር) ፊልም ውስጥ የመንደሩ ሽማግሌ ሆነው እናያቸዋለን፡፡ ፊልሙ በጉጃራት ቡጅ አካባቢ ሲቀረጽ 86 ዓመታቸው ነበር፡፡ በቀረጻው ወቅት ወድቀው ወገባቸውን ቢጎዱም፣ ሥራዬ ሳያልቅ አልሄድም ብለው በአምቡላንስ ወደ ቀረጻው ቦታ ተወስደው ተጫውተዋል፡፡ በ2006 ደግሞ የሕንድ መንግሥት በማዕርግ ሦስተኛ የሆነውን የሲቪል ሽልማት፣ ፓድማ ቡሻንን ሸለማቸው፡፡ ከሃዲ የተባሉት ሰው በ13 ዓመታቸው የአገር ባለውለታ ተባሉ፡፡

ሽልማት እንጀራ አይሆንም

በ2011 መጀመሪያ ላይ የሕንድ ጋዜጦች አንድ አሳዛኝ ዜና ይዘው ወጡ፡፡ ሃንጋል ታመዋል፤ አብሯቸው የሚኖረው አረጋዊ ልጃቸው የሕክምናውን ወጪ መክፈል አቅቶታል፡፡ ዜናው እንደተሰማ የሙያ ባልደረቦቻቸውና የማሃራሽትራ ግዛት መንግሥት ገንዘብ ረዱ፡፡ ርዳታው የሚያስመሰግን ነው፡፡ ግን 225 ያህል ፊልም የሠራ ሰው ለመድኃኒት የሰው እጅ የሚያይበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምክንያቱ የረዳት ተዋናይ አከፋፈል ነው፡፡ ረዳት ተዋናይ የሚከፈለው ለሠራበት ቀን ወይም ለሠራበት ፊልም ነው፡፡ ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቢታይ፣ በቴሌቪዥን ቢደጋገም፣ በካሴትና በዲስክ ቢሸጥ ወደ እሱ የሚመለስ ነገር የለም፡፡ አሠሪው በየፊልሙ ስለሚለዋወጥ ጡረታ የሚቆርጥለት የለም፡፡ ሕንድ በ1981 የሲኒማ ሠራተኞች በጽሑፍ ውል እንዲቀጠሩ የሚያስገድዱና የበጎ አድራጎት ፈንድ የሚያቋቁሙ ሕጎች አውጥታ ነበር፤ ሕጎቹ ይጠቅሙ የነበረው ግን ክፍያቸው ከተወሰነ ጣሪያ ያላለፈውን ነው፡፡ ኮከቡ ሀብት ስላለው ሕግ አያሻውም፡፡ መሐል ላይ ያለው፣ ስሙ ከታወቀው ግን ሀብት ካላፈራው ወገን የሆነ ሰው ግን ሲያረጅ የሚጠብቀው የባልንጀራ ልግሥና ነው፡፡ ልግሥና ደግሞ መብት አይደለም፤ ጋዜጣው ባይጽፍስ ኖሮ ማለት ያስፈልጋል፡፡

ሃንጋል ግን በዚያን ወቅትም አልተቀመጡም፡፡ በየካቲት 2011 በሙምባይ በተካሄደ የፋሽን ትርዒት ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው መድረክ ላይ ወጡ፡፡ በወጣትነቱ የሰው ልብስ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ በ97 ዓመቱ ራሱ ልብስ አሳይ ሆነ፡፡ በ2012 ደግሞ «ማዱባላ» በተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ለአጭር ጊዜ ታዩ፡፡ የመጨረሻ ሥራቸውም ይኸው ሆነ፡፡

በዚያው ዓመት በሐምሌ ብዙ ፊልም አብረው የሠሩት ራጄሽ ካና አረፈ፡፡ ከአንድ ወር ጥቂት ቢያልፍ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2012፣ ሃንጋል ወድቀው በደረሰባቸው የአጥንት ስብራት ሆስፒታል ቆይተው በ98 ዓመታቸው ዐረፉ፡፡ በስንብታቸው ሥርዓት ላይ የዘመኑ ታላላቅ ኮከቦች አለመታየታቸው የሕንድ ጋዜጦች መነጋገሪያ ነበር፡፡ በፊልም ላይ ስንቱን ኮከብ ልጄ ብለው ያቀፉ ሰው ሲሸኙ ልጆቻቸው ጎደሉ፡፡

የሃንጋልን ታሪክ ስጨርስ ወደ ራምጋር መንደር መመለስ ግድ ይለኛል፡፡ የዓይነ ስውሩ ኢማም ጥያቄ ስለ ሽፍታው አልነበረም፡፡ ሽፍታውማ ሽፍታ ነው፡፡ የጠየቁት ዝም ያሉትን ነው፡፡ በ1993 ሃንጋል ከሥራ ሲወጡ፣ ትዕይንታቸው ከፊልም ተቆርጦ ሲጣል፣ ያንን ጥያቄ በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብና ያንን ፊልም ሠርቶ የከበረ ኢንዱስትሪ አብዛኛው ጸጥ ብሎ ተመለከተ፡፡ ጥያቄው ፊልም ላይ ሲሰማ ቀላል ነው፡፡ ከባድ የሚሆነው ጠያቂው ራሱ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲገኝ ነው፡፡